ሚዛኑ ላይ ወጣሁ፣ ገበያው ሁሉ አነበበኝ

ጀመዓ፣ ዛሬ መካነ ሰላም ገበያ የወጣ ሰው ሁሉ ኪሎዬን ያውቃል። ኪሎዬን ብቻ ቢሆን ደግ ነበር!

ቁጭ በሉ፣ ልንገራችሁ።

የምሠራው እህል መጋዘን ውስጥ ነው። የአይቲ ባለሙያም፣ መዝጋቢም፣ ፕሪንተሩ ወረቀት ሲነክስ ጎታችም እኔው ነኝ። ሚዛኑን የሚያነብልን ፕሮግራም በዕድሜ ሳይበልጠኝ አይቀርም። የተጫነበት አሮጌ ኮምፒውተር ሰሞኑን ጭስ አውጥቶ ዐረፈ።

ፕሮግራሙ ደግሞ ግትር ነው! ሚዛኑን ሲሪያል ፖርት፣ ፕሪንተሩን ፓራለል ፖርት በሚባሉ የድሮ መሰኪያዎች ካልሆነ አላውቃቸውም ይላል። አዲሱ ኮምፒውተር ሁለቱም የሉትም።

ምን አደረግሁ? ቨርቹዋል ማሽን ሠራሁለት። ኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ የውሸት ኮምፒውተር በሉት። የውሸት ፖርቶቹ ከየትኛው እውነተኛ ዕቃ ጋር እንደሚገናኙ የሚናገረውን ፋይል አጻጻፉን ራሴ ፈጠርኩት። በአማርኛ! «ተከታታይ፦ ሚዛን»፤ «ትይዩ፦ ፕሪንተር»። ተከታታይ ያልኩት ሲሪያሉን፣ ትይዩ ያልኩት ፓራለሉን ነው፤ ለአንድ ፖርት አንድ መስመር። ውበቱ!

ጉራ አይለቀኝምና አንድ ሕግ ጨመርኩበት፦ የዕቃው ስም ካልተጻፈ ማሽኑ ራሱ ፈልጎ ያገናኝ።

ጉድ የሠራችኝ ይቺ ሕግ ናት።

ዛሬ ጠዋት ሙከራ ሆነ። ደጅ ላይ ገዢና ሻጭ ተሰልፏል። ኃላፊያችን ጋሽ ሰይድ «ፍጠኚ እንጂ ልጄ!» ይሉኛል። ተጣድፌ የፕሪንተሩን ስም ሳልጽፍ አለፍኩት።

የሚመዘን ኬሻ አጠገቤ አልነበረም። ራሴ ሚዛኑ ላይ ወጣሁና ኪቦርዱን ወደ እኔ ሳብኩት።

ፕሮግራሙ የእህሉን ዓይነትና ባለንብረቱን ካልሞሉለት ንቅንቅ አይልም። ማን ያየዋል፣ ከፕሪንተሩ የሚወጣውን ወረቀት ቀድጄ እጥለዋለሁ ብዬ...

ዓይነት፦ ሙሽራ። ባለንብረት፦ ያሲን።

አትሳቁ!

ያሲን ከደጎሎ ስንዴ የሚያመላልስልን ሹፌር ነው። «ሰላም ነሽ ራህማ?» ይለኛል፤ «አልሃምዱሊላህ» እለዋለሁ። ፍቅራችን እስከ ዛሬ እዚህ ድረስ ነበር። ፍቅር መሆኑን የማውቀውም እኔ ብቻ ነበርኩ!

ኢንተር!

ፕሪንተሩ ዝም።

ደግሜ ኢንተር። ዝም። ከውጭ ግን ሳቅ ተነሳ። ቀጥሎ እልልታ!

ለካ ማሽኑ ሲፈልግ መጀመሪያ ያገኘው፣ የእህል ዋጋ የምናሳይበትን በሩ ላይ የተሰቀለውን የመብራት ሰሌዳ ኖሯል። በቀይ መብራት፣ ፊቱን ወደ ገበያው አዙሮ፣ «ሙሽራ። ያሲን። 78 ኪሎ» ይላል። በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ ግን ማንበብ የሚችለው ለማይችለው ጮክ ብሎ እያነበበለት!

ከነጫማዬ ነው ወላሂ!

አንዲት እናት «ማሻአላህ፣ የጠገበች ሙሽራ!» ሲሉ ሰማሁ። ጋሽ ሰይድ እንባቸው እስኪወርድ ስቀው «ያም ሆነ ይህ ይሠራል!» አሉ።

ጠረጴዛው ሥር ልገባ ስል ያሲን ገባ። ለካ መኪናውን አቁሞ ተራ ሲጠብቅ አንብቦታል።

«ዕቃዬን ልረከብ ነው» አለ።

«ዕቃ አይደለሁም!» ጮህኩ።

«ታዲያ ማን ጻፈው?»

ጣቴን ወደ ፕሪንተሩ ቀሰርኩ።

ያሲን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ባለንብረት የሚለውን አጥፊው፣ እሱ ልክ አይደለም። ሙሽራ የሚለውን ግን ተይው። እኔም እኮ ከሰላምታ ያላለፍኩት ፈርቼ ነው።»

ጀመዓ፣ አለቀስኩ። እየሳቅኩ አለቀስኩ። ከሚዛኑ መውረድ እንኳ ረስቼ!

ከሰዓት በኋላ ከላላ ወረዳ ያለው አባቴ ደወለ። ወሬው ቀድሞኛል። «ልጁ ወግ ያለው ከሆነ ሽማግሌ ይላክ» አለና ስልኩን ሊዘጋ ሲል፣ «ለመሆኑ ሚዛኑ ትክክል ነው?»

አባዬ!

አሁን ፋይሉን አስተካክዬዋለሁ። ስሙ ያልተጻፈ ዕቃ ካለ ማሽኑ «የት ላድርሰው?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ በግምት አይልክም።

ሳይነግሩት የሚገምተውን ማሽንስ አስተካከልኩት። ሳትጠየቅ፣ ሚዛን ላይ ቆማ «እሺ» ያለችውን ሴትዮ በምን ላስተካክላት?