ሦስቱ መመሪያዎች

ዜናው የደረሰኝ ቤሩት፣ የአሠሪዬን ሸሚዝ ስተኩስ ነው። እኅቴ በስልክ «አሸነፍን!» ብላ ጮኸች። እኔም ሸሚዙ እንዳይቃጠል ካውያውን ከሶኬት ነቅዬ፣ ከዚያ እልል አልኩ።

ለመሆኑ መመሪያ አንብቦ የሚጨርስ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? የቦሌ ሚካኤሉ ጎረቤታችን፣ ጡረተኛው ሻምበል፣ በሦስት መንግሥታት ዘመን የወጡ ሦስት የፖሊስ መመሪያዎችን በቃላቸው ይዘዋል። እንዳያነበንቡልን ስናያቸው መንገድ እንቀይር ነበር፤ ይቅር ይበለን።

ያን ቀን አንድ ወጣት ፖሊስ እኅቴ ልጆቿን የምታሳድግበትን የጧፍ ቅርጫት ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ብድግ ያደርጋል።

«ልጄ፣ ሰላምታ ሰጥተሃታል?» አሉት ሻምበል።

«አባባ፣ እሱ ድሮ ቀረ!»

ሻምበል ሦስቱንም መመሪያዎች ከኮታቸው ኪስ መዘዙ። መቅድሙ በየመንግሥቱ ተቀይሯል፤ እያንዳንዱ የፊተኛውን ይራገማል። ፖሊስ ከማናገሩ በፊት ሰላምታ ይስጥ፣ ዕቃ ከማንሳቱ በፊት ምክንያቱን ይንገር የምትለዋ አንቀጽ ግን ንቅንቅ አላለችም።

«ያንተስ ምን ይላል?»

ልጁ አሁን የሚሠራበትን አራተኛውን መመሪያ ከስልኩ ከፍቶ አነበበ። አንቀጿ እዚያም አለች! ቅርጫቱን ያነሳበትን ምክንያት ቢፈልግ አጣ። ቅርጫቱን መልሶ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ለጧፍ ሻጯ እኅቴ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጣት።

እኅቴ እጁ ግንባሩ ላይ ግማሽ ሰዓት ቆየ ትላለች። እኔ በሐሰት መመስከር እፈራለሁ፤ እባካችሁ፣ እዚያ የነበራችሁ፣ በትክክል ስንት ደቂቃ ነበር?