የመለሰ ሞላ

በየከተማው ምንም የማይጥል አንድ ሰው አለ። እሱ ባይኖር እኛ ጣዮቹ ገና ድሮ አልቀን ነበር። የመካነ ሰላሙ ጋሽ ሳዲቅ ይባላሉ። ሰሌዳቸው «መካኒክ» ይላል፤ እኔ ግን የዝገት በጅሮንድ ብዬ ሾሜያቸዋለሁ።

ጋራዣቸው ውስጥ ቁልፍ የጠፋበት ጓጉንቸርና ጓጉንቸር የጠፋበት ቁልፍ ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። ካላንደሩ ዓመቱ ካለፈ ቆይቷል። «ይኼስ ምን ያደርግልዎታል?» ብላቸው፣ «ቀኑ ዞሮ ይገጥማል። ይቀመጥ» አሉኝ። «ይቀመጥ» የጋራዡ ሕገ መንግሥት ነው። አንድ እንግዳ «ይቀመጥ» ሲሉ ሰምቶ፣ ለእሱ መስሎት ጎማ ላይ አረፍ አለ፤ የተባለው ለተሰበረ መስታወት ነበር።

ወደ እኔ ልምጣ። ያነበበ ሁሉ ብልህ አይሆንም፤ ምስክሩ እኔ ነኝ። መሬት የጠጋ መኪና ኩርባ ላይ እንደማይዋልል አነበብኩ። የተጻፈው ስለ አስፋልት መሆኑን ግን ልብ አላልኩም። ፋብሪካ ያበጀላትን ሞላ አስወጥቼ፣ ከአዲስ አበባ በመጣ አጭር ሞላ ቪትዜን ዝቅ አስደረግኋት።

«የወጣውስ ሞላ?» አሉ ጋሽ ሳዲቅ።

«ለቆራሌው ይስጡት።»

«ይቀመጥ።»

«ወደ ኋላ የምመለስ ሰው አይደለሁም፣ ጋሽ ሳዲቅ!»

«ስምህ ማን ነበር?»

«መለሰ።»

«እንግዲያ ይቀመጥ።»

መኪናዋ ቆማ ሳለች አማረች። ስትሄድ ግን በከላላ መንገድ ያለ ድንጋይ ሁሉ ሆዷን ያክላት ጀመር። እናቴ ሸዋረግ ወርዳ ከፊት ከፊት ድንጋይ ታነሳልኛለች፤ እኔ መሪዬን ይዤ እንደ ንጉሥ እከተላለሁ። በበቅሎ የደረሱብን አባ ቃለ ክርስቶስ ጎንበስ ብለው አዩና፣ «አሟት ነው?» አሉ።

«አይ አባ፣ ዝቅ አድርጌያት ነው።»

«ልጄ፣ ራስን ዝቅ ማድረግ ለሰው ሲታዘዝ ሰምቻለሁ። ለመኪና አልሰማሁም።» በቅሏቸውን ኮልኮል አድርገው ጥለውን ሄዱ።

ያን ቀን አንድ ነገር አስተዋልኩ። እናቴ የግራውን ድንጋይ ሁሉ ስታነሳ የቀኙን ትተወዋለች።

«እማ፣ ይኼን አላየሽውም?»

«የቱን?»

ቀኝ ዓይኗን ሞራ ጋርዶት ኖሯል። ደሴ ያለው ሐኪም ለቀዶ ጥገና ለሰኞ ቀጠረንና፣ ስትመለስ እንዳትንገጫገጭ አስጠነቀቀኝ። በሚኒባስ ተጠቅጥቃ እንዳልልካት ፈራሁ። እሷ ደግሞ ቪትዜን ከላይ እስከ ታች፣ ማለትም በአንድ አፍታ፣ አየቻትና ፈረደች፦ «በዚች ከምሄድ ባንድ ዓይኔ ልኑር። ድንጋይ ለማንሳት አንዱም ይበቃኛል።»

ሞራው እንዲነሳ ሞላው መመለስ ነበረበት። ቅዳሜ ጠዋት አንገቴን ደፍቼ ጋራዡ በር ላይ ቆምኩ። «ጋሽ ሳዲቅ፣ ያ አሮጌው ሞላ ምናልባት...»

አላስጨረሱኝም። ከመደርደሪያው ሥር በዘይት የራሰ ማዳበሪያ ጎትተው አወጡ። አፉ በታሰረበት ነጭ ጨርቅ ላይ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል፦ «የመለሰ ሞላ። ይመለሳል።» ቀኑም አለበት፤ «ለቆራሌው» ብዬ የተኩራራሁበት ቀን ነው።

«ይስቁብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር» አልኳቸው።

«ሳቁንማ ያኔ ጨርሼዋለሁ፣ ወላሂ! ይልቅ ክሪኩን አቀብለኝ።»

ቪትዜ ከወገቧ ቀና አለች። እሁድ ተነሳን፤ ሰኞ ሞራው ተነሳ። በመልሱ መንገድ እናቴ፣ ዓይኗ በፋሻ ታሽጎ፣ አንድ ድንጋይ ሳይነካን ጋሽ ሳዲቅን ስትመርቅ መካነ ሰላም ገባን። «ልጆችህን ይባርክ፣ እጅህን ይባርክ፣ ብሎንህን ይባርክ።» እኔን አንድ ጊዜ እንኳ አላነሳችኝም፤ መሪውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

ፋሻው ከተፈታ በኋላ፣ ከማዳበሪያው ፈትቼ መስኮቴ ላይ ያኖርኩትን ያን ጨርቅ አገኘችው። ግራ ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነችና በቀኟ ብቻ፣ ፊደል በፊደል አነበበች፦ «የ...መለሰ... ሞላ። ይ...መለሳል።» ደግማ አነበበችው። ከዚያ አፍንጫዋን ያዘች።

«ዘይት ዘይት ይሸታል እኮ! ልጣለው?»

«ይቀመጥ» አልኳት።