ጋርቤጅ ኮሌክሽን ያስተማሩኝ ሹፌር

ወገን፣ ዛሬ ሰመራ ላይ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር!

ሥራዬን ታውቃላችሁ፤ መድኃኒት በሚጭኑ መኪኖች ላይ መቆጣጠሪያ እገጥማለሁ። ዕቃው በየደቂቃው የማቀዝቀዣውን ዲግሪ ፍላሽ ሚሞሪ ላይ ይጽፋል።

ጋሽ ሰኢድ ጠዋት ከአዋሽ ጭነው ገቡ። የወሎ ሰው፣ በዚህ መንገድ ያረጁ ሹፌር ናቸው። ሪከርዱን ሳወርደው ከገዋኔ እስከ ሚሌ ባዶ!

ሪከርድ ከሌለ መድኃኒቱ ይጣላል፣ ሹፌሩ ይባረራል። ጋሽ ሰኢድ ነዳጅ ለመቆጠብ ማቀዝቀዣውን አጥፍተውት ነው አሉ አለቃችን።

እኔስ? "ማሽን አይዋሽም" አልኩ። ሰው ፊት! አባቴ በሚሆኑ ሰው ላይ!

ጋሽ ሰኢድ ስልካቸውን ሰጡኝ። ለካ ኮምቦልቻ ያሉት ባለቤታቸው "ደህና ነኝ" ቢሏቸው አያምኑም፤ ስለዚህ በቆሙበት ሁሉ ጋቢናውን ከነማቀዝቀዣው ዲግሪ ማሳያ ፎቶ አንስተው ይልኩላቸዋል። ገዋኔ፣ አራት ዲግሪ። አዳይቱ፣ አራት። ሚሌ፣ አምስት።

መድኃኒቱ ደህና ነው ማለት ነው።

ሴቲንጉን ከፈትኩት። ፍላሽ ሚሞሪ በአሮጌው ላይ ደርቦ አይጽፍም፤ አሮጌው መጀመሪያ መጠረግ አለበት። ጋርቤጅ ኮሌክሽን የሚባለው እሱ ነው። እኔ ሊቋ ታዲያ ባለፈው ሳምንት፣ ዕቃው እንዲፈጥን ብዬ፣ ጢም ብሎ ሳይሞላ እንዳይጠርግ አድርጌዋለሁ። የሞከርኩት ደግሞ ቢሮ ኤሲ ስር፣ በባዶ ሚሞሪ!

ገዋኔ ላይ ሞላ። የተከመረውን ባንዴ ሲጠርግ እስከ ሚሌ መጻፉን ተወው።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አልኩ። አለቃዬ ሊናገሩኝ ሲዞሩ ጋሽ ሰኢድ ቀደሟቸው።

"ይተዋት፣ ልጅ ናት፣ ትማራለች።"

ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው እኮ!

ውጪ ይቅርታ ስጠይቃቸው ነገሩን እንዳስረዳቸው ፈለጉ። አስረዳኋቸው። ዕቃው ጽፎ ሲጨርስ ምን ይሠራል አሉኝ። ምንም፣ ቀጣዩ ደቂቃ እስኪደርስ ይቀመጣል አልኳቸው።

"ታዲያ ተቀምጦ ከሚውል ትንሽ ትንሽ ለምን አይጠርግም?"

አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምሬ!

እንዳሉት አስተካከልኩት፤ ሠራ። መድኃኒቱም ወደ ዱብቲ ሄደ። ጋሽ ሰኢድ ከነሥራቸው ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ። እኔም እንጀራዬን ያልተቀማሁት በሳቸው ነው፤ ዕድሜ ይስጥልኝ።

ሲሄዱ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "ነገ ምሳ በኔ ነው፣ ደንግጠሻል።"

በዳይዋ እኔ፣ ጋባዡ እሳቸው! እስቲ ንገሩኝ፣ በየትኛው ጉሮሮዬ ነው የምውጠው?