ግድግዳዬ ጋሽ ተሰማ ጋቢ ላይ ቀረ

ጓደኞቼ፣ ዛሬ ቤቴ የመጡት ሽማግሌ ግድግዳዬን ጀርባቸው ላይ ይዘውት ሊሄዱ ነበር። እየቀለድኩ አይደለም!

ፌስቡክ ላይ ሳቅ የሚለጥፍ ሁሉ ይምጣ፣ ዛሬ ተራው የእኔ ነው።

እንደምታውቁት ሪያድ፣ ጉበይራ ሰፈር፣ ከጓደኛዬ ከመስከረም ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን ነው የምንኖረው። ሁለታችንም ሺፋ ሰፈር ሰው ቤት ሠርተን ማታ እንመለሳለን። ዳዊትንም ታውቁታላችሁ፣ ሹፌሩን፣ ፎቶዬን ሁሉ ላይክ የሚያደርገውን። አዎ፣ እሱን! ዛሬ ጁምዓ፣ የእረፍት ቀናችን ስለሆነ ሽማግሌ ሊልክ ቀጠሮ ነበረን።

እማዬ በስልክ አንድ ነገር ብቻ ነው ያዘዘችኝ። "እኔ እዚያ የለሁም፤ በእኔ ቦታ ሆኖ የሚሰጥሽ ትልቅ ሰው ይኑር። ያቺን ወሎዬዋን ጎረቤትሽን ዘሀራን ለምኚልኝ" አለችኝ። እሺ አልኳት።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ከእትዬ ዘሀራ ጋር ተኳርፈን ከርመናል።

በግድግዳ!

ሪያድ ውስጥ ዝናብ ስንት ጊዜ አይታችኋል? እኔ ጃንጥላ የት እንደሚሸጥ እንኳ አላውቅም። የእኔ ግድግዳ ግን ይረጥባል። መጀመሪያ ጥጉ ላይ ቢጫ ነገር ወጣበት። ከዚያ ቡናማ ሆነ፣ ቀለሙ አበጠ፣ ሲነኩት ነጭ ዱቄት ያራግፍ ጀመር። በበረኪና ፈተግኩት፣ ለቀቀ። በማግስቱ ተመለሰ። ቀለም ቀባሁበት። ቢጫው ከሥር ብቅ ብሎ አየኝ።

መርማሪዋ እኔ ወዲያው ጥፋተኛ አገኘሁ። ከእኛ ክፍል በላይ ያለው የእትዬ ዘሀራ መታጠቢያ ቤት ነው። ሄድኩባቸው። ቅር ሳይላቸው አስገብተው አሳዩኝ፣ ወለሉን በእጄ አስነኩኝ። ደረቅ ነው።

እኔ ምን አልኳቸው መሰላችሁ? "እርስዎ ለሶላት ውዱ ሲያደርጉ ውሃ ያበዛሉ።"

እዚህ ጋ ልትሰድቡኝ ትችላላችሁ። ኮሜንቱ ክፍት ነው።

እትዬ ዘሀራ እስከ ደጅ ሸኙኝና በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት። ሲያመኝ ሾርባ ይዘው የሚወርዱ፣ እንደ ልጃቸው የሚያዩኝ ሰው ናቸው። ከዚያን ቀን በኋላ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሁለታችንም ደረጃውን እናያለን። ለእማዬ ይሄን እንዴት ልንገራት?

ስለዚህ ፕላን አወጣሁ። ቤቱ ካማረ ሽማግሌዎቹ ትልቅ ሰው የታለ ብለው አይጠይቁም! እንዴት አስቤው እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ትናንት ከሥራ ስወጣ ባጥሐ ገበያ ሄጄ ቀለም ገዛሁ። ሌላ ሰው አስበጥብጦ ሳይወስደው የቀረ አረንጓዴ ነው፣ ርካሽ ነው። ቡናማው ላይ ደራርቤ ለቀለቅኩት። ጠዋት ስነካው እጄ ላይ ቀረ። ማራገቢያ አዞርኩበት። ወይ ፍንክች! ልብስ አስጥተሽ ዞር ሳትዪ በሚደርቅበት ከተማ የእኔ ቀለም አልደርቅም አለ።

ግድ የለም፣ ፍራሹንም ወንበሩንም ወደ ማዶ ወሰድኩና ማንም ቀለሙ ጥግ እንዳይቀመጥ አደረግኩ። ጂኒየስ!

አንድ ነገር ብቻ ረስቻለሁ።

ሽማግሌ አይቀመጥም!

ሦስቱም ሸሚዝና ሱሪ ለብሰው፣ ጋቢያቸውን በፌስታል ይዘው መጡ። በር ላይ ለበሱት። ተቀመጡ ብል፣ ትልቁ ጋሽ ተሰማ "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ፣ አገር ቤት እንደሚባለው። ታዲያ የት ይቁሙ? ባዶው ግድግዳ ጋ። ባዶ ያደረግኩት ደግሞ እኔው ነኝ።

ጋሽ ተሰማን ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ትንሽ ደገፍ አሉ።

አይደገፉት ልል ብድግ ስል ረፍዷል።

"የመጣነው…" ብለው ቀና ሲሉ ጋቢያቸው ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ቀረ። ሳብ አደረጉት። ልስኑ ተቦጭቆ አብሮ መጣ! ያ ነጭ ጋቢ ዙሪያው አረንጓዴ፣ መሀሉ ቡናማ ሆነ። መስከረም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትንቀጠቀጣለች። የምታለቅስ መስሏቸው አንዱ ሽማግሌ "አይዞሽ" አሏት።

ጋሽ ተሰማ ግን አልተቆጡም። ግድግዳውን ከላይ ዳበሱት፣ ከታች ዳበሱት። ከዚያ ጥጉ ላይ ያለውን መጋረጃ ገለጡ።

በርሜሉን አልነገርኳችሁም አይደል?

ያደግኩት ውሃ በወረፋ በሚመጣበት ሰፈር ነው። ዕቃ ሞልቼ ካላሳደርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሪያድ ስገባ መጀመሪያ የገዛሁት ዕቃ በርሜል ነው። እዚህ ቤት ቧንቧው አንድ ቀን ጠፍቶ አያውቅም፤ እኔ ግን እሞላለሁ። በርሜሉ ደግሞ ሁልጊዜ ይጎድላል። መስከረም ውሃ ታባክናለች እያልኩ ስንት ጊዜ ነዘነዝኳት መሰላችሁ!

"ልጄ፣ ላዩ ደረቅ ነው" አሉ ጋሽ ተሰማ። "እርጥበቱ ከታች ነው የተነሳው። በርሜልሽ ተሰንጥቋል።"

ያን ሁሉ ጊዜ ጣሪያ ጣሪያውን ሳይ ውሃው ከእግሬ ሥር ነበር።

ይሄ ሳያንስ የፈራሁት ጥያቄ መጣ። ልጅቷን ከማን ነው የምንጠይቀው፣ ትልቅ ሰው የላትም ወይ አሉ። መስከረም ቀጥ ብላ እኔ አለሁ አለች። ጋሽ ተሰማ አዩዋትና ላንቺም ሽማግሌ ገና ይመጣልሻል አሏት። ሰጪ ከሌለ ሌላ ቀን እንመለሳለን ብለው ጋቢያቸውን ማጠፍ ጀመሩ። ዳዊት ታች መኪና ውስጥ፣ እማዬ አዲስ አበባ ስልክ ይዛ እየጠበቁ ነው።

ደረጃውን ሮጬ ወጣሁ። እትዬ ዘሀራ በር ጋ ስደርስ ግን ለማንኳኳት አመነታሁ። አፈርኩ፣ በእውነት አፈርኩ።

ሩጫዬን ሰምተው ነው መሰል፣ ራሳቸው ከፈቱ።

"እትዬ፣ ውሃው የእኔ ነው" አልኳቸው። "የበርሜሌ ነው። ያለ ጥፋትዎ ተናገርኩዎት፣ ይቅር ይበሉኝ። ሽማግሌዎች መጥተው የሚሰጠኝ ሰው አጣሁ።" እንባዬ ቀደመኝ።

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ከዚያ በሩን እንደዚያን ቀን ቀስ አድርገው ዘጉት።

ኸላስ! አለቀልኝ!

ወደ ደረጃው ዞር ስል በሩ ተከፈተ። ለካ የገቡት የክት ሻሻቸውን ሊያስሩ ነው!

"ያላ፣ ቅደሚ። ሽማግሌ እንዲህ ቆሞ ይጠብቃል?" አሉኝ።

ወርደው አጠገቤ ቆሙ። ግድግዳውን አዩ፣ ጋቢውን አዩ፣ በርሜሉን አዩ። አልሳቁም። ሽማግሌዎቹን እስከ መጨረሻው ሰሙ፣ የዳዊትን ጠባይ ጠየቁ፣ ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ መታደሱን ጠየቁ። እማዬ ብትኖር ከዚህ የተለየ አታደርግም። በመጨረሻ ተናገሩ።

"ልጃችንን ሰጥተናችኋል። በርሜሉንም ግን ይዛችሁልን ትሄዳላችሁ።"

ያኔ ነው ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት፣ ማዶ ፍራሹ ላይ። መስከረም እልል ልትል ስትል ጎረቤት እንዳይሰማ ሁላችንም አፏን ያዝን።

አሁን በርሜሉ ባዶውን ደጅ ቆሟል። ግድግዳው ተልጦ እየደረቀ ነው፤ እትዬ ዘሀራ እስኪደርቅ ቀለም እንዳታስነኪው ብለውኛል። እኔ የጋሽ ተሰማን ጋቢ ዘፍዝፌ ከእሱ ጋር ተፋጥጫለሁ። በበረኪና አሸሁት፣ በሳሙና አሸሁት፣ አረንጓዴው ንቅንቅ አላለም።

የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ፣ ግድግዳ ላይ አልይዝም ብሎ ያዋረደኝ ቀለም ጋቢ ላይ ሲሆን ምን አግኝቶ ነው እንዲህ የሙጥኝ የሚለው?