ይለፍ ያለፈባት ምሩቅ

ሰውን ከበር ውጭ ማስቀረት የፈለገ መርቆ መሸኘት ነው። አታምኑኝም? ስሙኝማ።

የልጅ ልጄ ሰላም አምና በሕግ ተመርቃለች። ለሁለተኛ ዲግሪ የምትወዳደርበትን ጽሑፍ አርብ ካላስገባች ዕድሉ ያልፋታል። ሐሙስ ጠዋት እዚህ ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ኮምፒውተሯ ፊት ጭንቅላቷን ይዛ አገኘኋት።

«ምን ሆንሽ?»

«የይለፍ ቃሌ አለፈበት፣ እማዬ።»

እኔ የማውቀው ይለፍ በሰዓት እላፊ ዘመን ኪስ ውስጥ የሚያዝ ወረቀት ነበር... ለነገሩ እሱም ያልፍበት ነበር። ለካ ተማሪ ሳለች የዩኒቨርሲቲውን ቤተ መጻሕፍት ቤቷ ቁጭ ብላ በኢንተርኔት ታነብ ኖሯል። ስትመረቅ ዘጉባት። ጽሑፏ ያለ እሱ የማይሞላ አንድ ጥናት ደግሞ እዚያው ውስጥ ቀርቷል።

ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ብዬ ነጠላዬን አነሳሁ። እግሬ እንደሆነ ቤት አይወድም። ከሰላም ጋር ሜክሲኮ ላይ ታክሲ ቀይረን ዩኒቨርሲቲው ደረስን።

የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ መነጽር ያደረገች ትሑት ሴት ናት። «ምሩቃን መደርደሪያ ላይ ያለውን ማንበብ ይችላሉ፤ ኮምፒውተር ውስጥ ያለውን ግን ሲስተሙ አይከፍትላቸውም» አለችን።

«ልጄ፣ እናንተው አይደላችሁ ያስመረቃችኋት?»

«እኛው ነን፣ እማማ።»

«ምርቃታችሁ እንዲህ ከሆነ እርግማናችሁ ምን ሊመስል ነው?»

ሰላም በሐፍረት ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ሴትየዋ ግን ሳቀችና ከመነጽሯ በላይ አየችኝ።

«እርስዎስ እዚህ ተምረዋል?»

«እኔ? ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት የረገጥኩት ልጅ ላደርስ ነው።»

«እንግዲያው እንግዳ ነዎት። ለእንግዳ የአንድ ቀን ይለፍ አለን። እርስዎ ይክፈቱ፤ እሷ አጠገብዎ ተቀምጣ ብታነብልዎ ማንም አይከለክላትም።»

ቅጽ ሰጠችኝ። ስሜን ጻፍኩ። «የትምህርት ደረጃ» የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።

«ባዶውን ይተዉት» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤ «ምሩቅ ከተባለ እንደገና ይዘጋል።»

ተውኩት። ኮምፒውተሩም ስሜን ጠርቶ እንኳን ደህና መጡ አለኝ። ሰላም እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አነበበች፣ ጻፈች። በቅጹ ላይ አንባቢዋ እኔ ስለሆንኩ ጎኗ ተቀምጬ አንቀላፋሁ። ጽሑፏም አርብ ገባላት።

እናም ልጆቼ፣ ተማሩ፣ ተመረቁ። ብቻ ከየቤታችሁ አንድ ያልተመረቀ ሰው አይጥፋ።