ሰማንያ የግራ እግር

አንዲት ጎበዝ ሠራተኛዬን ሰነፍ ናት ብዬ አምቻታለሁ። ያማኋት በስልክ ስለነበር ፊቴን ያየ የለም።

እኛ ቀጣሪዎች ምን እንደምንቆልፍ አናውቅም። ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ውስጥ አራት የስፌት መኪና ያላት ቤት አለችኝ። ሥራ ሲያልቅ መቀሱን ሳጥን ውስጥ ቆልፌ ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠለጥላለሁ። መቀሱን የምትይዘውን እጅ ግን “ደህና እደሪ” ብዬ በበሩ እሸኛለሁ። መቀስማ ሱቁ ሁሉ ሞልቷል!

ያቺ እጅ የከድጃ ነበረች። ከድጃ ጨርቅ ስትቆርጥ የሚተርፈው ብጣሽ ለአሻንጉሊት ቀሚስ አይበቃም። ቤቷ ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ወደ ኮምቦልቻ መውረጃው ላይ ነው። ጠዋት ቀድማ ገብታ አሥር ሰዓት ላይ እንድትወጣ ለመነችኝ። “እትዬ፣ ልጄ በር ላይ ቁጭ ብላ ነው የምትጠብቀኝ” አለች። “እናያለን” አልኳት። ቀጣሪ “እናያለን” ካለ ዓይኑን ጨፍኗል ማለት ነው። እኔም ስምንት ወር ጨፈንኩ።

አንድ ቀን ኮምቦልቻ ትልቅ ስፌት ቤት ያላቸው ሐጂ እንድሪስ ደወሉ። ከድጃ ሥራ ጠይቃቸው ኖሮ እንዴት ናት አሉኝ። ምን ልበል? ትዘገያለች አልኩ፤ ጨርቅ ታባክናለች አልኩ፤ አፏም አያድርስ ነው አልኩ። ከድጃ እኮ በቀን አሥር ቃል ብትናገር ነው! “አላህ ይስጥሽ፣ ገባኝ” ብለው ዘጉ። አሁንማ አይወስዱብኝም ብዬ እፎይ አልኩ።

በሳምንቱ ከድጃ “ሐጂ ቀጥረውኛል” ብላ ተሰናበተችኝ።

ጊዜው የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ነበር። አዲሷ ቆራጭ የጨርቁን ፊትና ጀርባ ሳትለይ ደራርባ ቆረጠችውና ሰማንያ የሱሪ እግር፣ ሁሉም የግራ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ተከመረ። የደሴ ልጅ ዳገት ለመደ እንጂ በሁለት ግራ እግር መሄድን የት ለመደ? ርዕሰ መምህሩም ሰኞ ካልደረሰ ሥራውን ለሌላ እሰጣለሁ አሉ።

የግራ እግሮቼን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቄ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ሐጂ ገና ሲያዩኝ ሳቁ።

“አምና ስለዚያ ልብስ ተኳሽሽ ስጠይቅሽ መልአክ ነው አልሽኝ። በመጀመሪያው ቀን ሦስት ኮት አቃጠለብኝ! ከድጃን ስታሚያት ጊዜ ግን፣ ወላሂ፣ ስልኩን ሳልዘጋ ወርቅ መሆኗን አወቅሁ። ምን ትፈልጊያለሽ ብላት፣ አሥር ሰዓት መውጣት ብቻ አለችኝ። ይኼም ጥያቄ ሆኖ ነው?”

ከድጃ መጥታ አቀፈችኝ። ከረጢቱን ዘርግፋ አገላበጠችው። “አይዞዎት እትዬ፤ ከቀረው ጨርቅ የቀኝ የቀኙን ብቻ ቆርጠን እናጋባቸዋለን። እሑድ እመጣለሁ።”

መጣች፤ ቆረጠች፤ ሱሪዎቹም ሰኞ ደረሱ። ስሸኛት እጄን ይዛ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? “ሐጂ ነግረውኛል። እርስዎ ስለ እኔ የተናገሩትን ሰምተው ነው የቀጠሩኝ። ውለታዎን አልረሳም።”

ሐጂ ግማሹን ነግረዋት ግማሹን ደብቀውልኛል። እውነቱን ላወጣው አፌን ከፈትኩና “ምን አደረግኩልሽና!” አልኳት። ስለ ከድጃ ከተናገርኩት ሁሉ እውነቱ ይኸው ብቻ ነው።

ለእሷ መንገሩን ገና አልደፈርኩም። እስከዚያው እናንተ ይቅር በሉኝ።