በሩ ከተንኳኳ በኋላ ያሉት አሥራ ስድስት ገጾች

ሰው መጽሐፍ ሲያውሳችሁ መጽሐፍ ብቻ የሰጣችሁ እንዳይመስላችሁ፤ ፈተናም አብሮ ሰጥቷችኋል። ሳምንት ሳይሞላ ፌርማታ ላይ ያገኛችሁና «እህ፣ እንዴት አገኘኸው?» ይላል። ያኔ ሰው ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ሽፋኑን አይቶ፣ ጀርባው ላይ ያለውን አስተያየት ገረፍ ገረፍ አድርጎ «ግሩም ነው፣ በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩት» የሚለው ነው። ይሄኛው ወዳጅ አያጣም። ሁለተኛው እኔ ነኝ። እስከ መጨረሻው አነባለሁ፤ ካነበብኩ በኋላ ደግሞ ያሰብኩትን እናገራለሁ። በዚህ የተነሳ መጽሐፍ የሚያውሰኝ ሰው ከዓመት ዓመት እየተመናመነ ነው።

በቅርቡ ካነበብኳቸው እንኳ ልንገራችሁ። አንዱ በስድስት ወር ውስጥ ሀብታም ስለመሆን የሚያስተምር ነው። ካነበብኩት ስምንተኛ ወሩን ይዟል፤ አሁንም ከዓለም ባንክ ሰፈር የምወጣው በሚኒባስ ተጋፍቼ ነው። ሌላው ልብ ወለድ ነው፤ ባለታሪኳ በየምዕራፉ ራሷን ትስታለች። ዘጠኝ ጊዜ ቆጠርኩላት። በመጨረሻ ደራሲውም ሳይደክመው አልቀረም፣ ዳራትና ተገላገለ። ሦስተኛው የታሪክ መጽሐፍ ነው፤ ግማሹ ታሪክ፣ ግማሹ ከሌላ የታሪክ ጸሐፊ ጋር የተደረገ ጠብ። ጠቡ ይሻላል።

አራተኛው የጋሽ ወርቁ ነው። የዛሬው ጨዋታም በእሱ ምክንያት የመጣ ነው።

ጋሽ ወርቁ ዕድሜ ልካቸውን በጤና ረዳትነት ያገለገሉ ጡረተኛ ናቸው። እኔ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ብገባም ያደግኩት አሥራ ስምንት ማዞሪያ፣ ከእሳቸው ግቢ አጥር ለአጥር ነው። በልጅነቴ ያልወጉኝ ክትባት የለም። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ጋሽ ወርቁ ከለቅሶው በኋላ ከሰው ራቅ አሉና ምን ነካቸው ስንል፣ ለካ መጽሐፍ እየጻፉ ኖሯል። ታትሞ ሲመጣ አንዱን ፈርመው ሰጡኝ። «አንተ አትዋሽም፤ ያሰብከውን ንገረኝ» አሉኝ።

አነበብኩት። ምን ልዋሻችሁ፣ ይደክማል። ባለታሪኩ ጤና ረዳት ነው። መቼ የት ጣቢያ እንደተመደበ፣ አለቃው ማን እንደነበረ፣ አበሉ ስንት ቀን እንደዘገየ፣ በቅሎዋ የቱ ጋ እንዳነከሰች፣ የቀረ ነገር የለም። ሚስቱ ተጣልታው ወደ ወላጆቿ ትሄዳለች፤ እሷን በግማሽ ገጽ ያልፍና ወደ አበሉ ይመለሳል። ሦስት ዓመት ብቻውን ይኖራል። ከዚያ አንድ የክረምት ከሰዓት በኋላ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ በሩ ተንኳኳ። አራት ነጥብ። ቀጥሎ ያለው የጀርባው ሽፋን ነው።

ያነበብኩት ሚኒባስ ውስጥ ነበር፤ ፌርማታዬን አልፌ ሄጃለሁ። ማን ነው ያንኳኳው? ሳይነግሩን ተዉን እኮ! ያን ሁሉ የአበል ወሬ የታገስኩት ለዚህች አንዲት መስመር ኖሯል አልኩ። እኚህ ሽማግሌ ይህን ከየት አመጡት እያልኩ ያለፍኩትን መንገድ በእግሬ ተመለስኩ።

አሥራ ስምንት ማዞሪያ ባለው የእድራችን አዳራሽ በወር አንድ ቅዳሜ መጽሐፍ የምንወያይ ሰዎች አለን። የዚያን ወር ተራው የጋሽ ወርቁ ነበር። እሳቸው ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ከፊት ተቀምጠዋል። ተሰብሳቢው «ትውልድን የሚያንጽ»፣ «ለልጅ ልጅ የሚተርፍ» እያለ ውዳሴውን ያወርደዋል። ተራዬ ሲደርስ ተነሳሁና መጀመሪያ አበሉ እንደበዛ ተናገርኩ። ሰው ተሳቀቀ። እኔ ግን ምስጋናውን ለመጨረሻ ያስቀመጥኩ መስሎኝ ቀጠልኩ።

«ግን ጋሼ፣ በሩ የሚንኳኳበት ቦታ ልብ ያቆማል። መጽሐፉ ያለቀው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ቃል ሁሉ ትርፍ ነው።»

ጋሽ ወርቁ እስክሪብቶአቸውን አነሱ። «ሁሉም?» አሉኝ።

«ሁሉም ጋሼ።»

ቀስ ብለው ጻፉት። አዳራሹ በሙሉ ራሱን ነቀነቀልኝ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ጎልማሳማ በዚያች በር ምክንያት እንቅልፍ አጥቶ እንዳደረ መሰከረ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ዓርብ ዕለት ደወሉልኝ። የመጀመሪያውን እትም ዘመድና የቀድሞ የሥራ ባልደረባ ወስዶ ጨርሶታል፤ ሊያስደግሙት ነው። ምክሬን ሰምተው ትርፍ ያልኩትን አውጥተውታል፤ ሰኞ ጠዋት ለማተሚያ ቤቱ ያስረክባሉ። እኔ አበሉ ተቀነሰ ብዬ እሰየው አልኳቸው። ድምፃቸው ቀዝቀዝ ያለ መሰለኝና የኔትወርክ ነው ብዬ ተውኩት።

እሑድ ባለቤቴ ሰናይት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ የጋሽ ወርቁን መጽሐፍ ከጓደኛዋ ተውሳ መጣች። እኛ ቤት ቁጭ ብሎ ምን መዋስ አስፈለገሽ ብላት፣ የእኔ ላይ በእርሳስ ያልሞነጫጨርኩበት ቦታ እንደሌለ ነገረችኝ። እውነቷን ነው። ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ ሆና ስታነብ ቆየች። አንድ ጊዜ ቀና ስል በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። በር ስለተንኳኳ ታለቅሻለሽ እንዴ ብዬ ሳቅኩባት።

«በዣንጥላው ነው እንጂ» አለችኝ።

የምን ዣንጥላ? እኔ ባነበብኩት መጽሐፍ ውስጥ ዣንጥላ የለም። ተቀበልኳት። በሩ ይንኳኳል፤ መጽሐፉ ግን ይቀጥላል፣ አሥራ ስድስት ገጽ! የራሴን አምጥቼ ጎን ለጎን ሳስተያየው ማተሚያ ቤቱ ሲጠርዝ የእኔን መጨረሻ ዘሎታል።

ቆሜ አነበብኩት። በር ላይ ያለችው ሚስትየው ናት፤ ዶፍ አበስብሷታል። ከሦስት ዓመት በኋላ መጥታ «ዣንጥላዬን ረስቼ ሄጄ ነው» ትለዋለች። አምጥቶ ይሰጣታል። ትይዘዋለች እንጂ አትዘረጋውም። ዝናቡም አያባራም። እስኪያባራ ግቢ ይላታል፤ ትገባለች፤ አርባ ዓመት ትቆያለች። በእነዚያ ገጾች ውስጥ ስለ አበል አንድ ቃል የለም። የመጨረሻው ገጽ ላይ ሰው ከቀብር ተመልሶ የጫማውን ጭቃ ሲጠርግ፣ ዣንጥላው ከበሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው።

ስማቸው ተቀየረ እንጂ እትዬ አስካለ ራሳቸው ናቸው። ያንን ጥቁር ዣንጥላ ደግሞ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ እዚያ ቤት በገባሁ ቁጥር አየው ነበር። ሰውየው መቶ ምናምን ገጽ በበቅሎ የተጓዙት እዚህ ለመድረስ ነው። እኔ ደግሞ ሰው በተሰበሰበበት ተነስቼ ትርፍ ነው አልኳቸው። አፈርኩ። አንድ ሌላ ነገርም ያን ጊዜ ገባኝ፤ ያ ራሱን የነቀነቀ አዳራሽ በሙሉ፣ እንቅልፍ ያጣውን ጨምሮ፣ መጨረሻውን ያየ አንድም ሰው አልነበረበትም።

ሁለቱን መጽሐፍ በፌስታል ይዤ ወደ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ተሳፈርኩ። ጋሽ ወርቁ ቤት ስገባ ለሰኞ የተዘጋጀው ፍላሽ በፖስታ ተደርጎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ጥፋቴን ሳላሳምር ተናገርኩ፤ መጽሐፎቹንም ዘረጋሁላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለቱን ገጽ በገጽ አገላበጡ።

«እኔማ ትርፍ ነው ስትለኝ አመንኩህ» አሉ። «የቀረው ሁሉ ስለ እኔ ነው፤ ይሄ ብቻ ስለ እሷ ነው። የእኔ ሚስት ለሌላው ሰው ምኑ ናት ብዬ አወጣሁት። ሳወጣው ግን እንደገና የቀበርኳት ነው የመሰለኝ።»

አበሉን ይቁረጡት፣ እትዬ አስካለን ግን አይንኩብን ብዬ ለመንኳቸው። ፈገግ አሉ። ፖስታውን መሳቢያ ውስጥ ከተቱና ሰኞ እንደማይሄዱ፣ ገጾቹን መጀመሪያ ወደ ቦታቸው እንደሚመልሱ ነገሩኝ። ስለ አበሉ ቃል አልገቡም።

ልወጣ ስነሳ ከመደርደሪያው ለራሳቸው ካስቀሩት አንዱን አወረዱና መጨረሻውን ገልጠው አረጋግጠው ሰጡኝ። ጎዶሎውን ማተሚያ ቤት ወስጄ አስለውጣለሁ ብዬ ላነሳው ስል እጃቸውን ጫኑበት።

«ተወው፣ ይሄ ለእኔ ይሁን» አሉ። «በዚያኛው ሞታለች። በዚህኛው ገና በር ላይ ናት።»

ዣንጥላው ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ጎዶሎውን ትቼላቸው ሙሉውን ይዤ ወጣሁ።